ያነሰችው ቁራጭ

እስቲ ቤታችሁ ውስጥ የተቋጠረውን የቁርጥራጭ ጨርቅ ፌስታል አስታውሱት። የለንም እንዳትሉኝ! ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ላይ አንድ ቦታ ተወሽቋል። ከልጅ ዩኒፎርም የተረፈ፣ ከመጋረጃ የተቆረጠ፣ «ለአንድ ነገር ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠ። እኛ ቤት ግን ፌስታል ሳይሆን ጆንያ ነበር፤ ያውም ሦስት ጆንያ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከጊዮርጊስ ብዙም በማትርቅ፣ ተከራይቶ በያዛት ጠባብ ሱቅ 31 ዓመት ሙሉ ኮትና ሱሪ ሲሰፋ ኖሯል። «መርካቶ ሳይኖር ገበያው እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ ሥር ነበር፤ ወደዚያ የገፋው ጣሊያን ነው» እያለ በሰፈሩ ሲኮራ፣ የዚያን ዘመን የጣቃ ነጋዴዎች በዓይኑ ያያቸው ይመስል ነበር።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለልማት ሲነሣ እኛም ተነሣን። በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውሃ ቆጣሪ፣ በአንድ መጸዳጃ ቤት የኖርን ዘጠኝ ቤተ ሰቦች ተበተንን። ለእኛ ገላን ጉራ ደረሰን፤ ለሌሎቹ ቦሌ አራብሳና ሌላም ሌላም ቦታ። በአዲሱ ቤት ውሃው እቤት ድረስ ይመጣል፣ መጸዳጃውም የራሳችን ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ምስጋና ቢስ እሆናለሁ። ግን ጠዋት በሩን ስከፍት «እንደምን አደራችሁ» የምለው ሰው አጣሁ።

ባለቤቴ ሲንጀሩን ጥግ አስቀምጦ አንሶላ ጣለበት። ስምንት ወር ሙሉ አልገለጠውም። ባለትዳሮች የሆናችሁ፣ በዚያን ጊዜ ቤታችን የገባውን ዝምታ ታውቁት ይሆናል። ጠብ አይደለም፤ ሰላምም አይደለም። ምግብ ይቀርባል፣ ይጸለያል፣ ይበላል። «ጨው ይበቃዋል?» «ይበቃዋል።» ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው። እኔ ስለ እሱ እጸልይ ነበር። ከእሱ ጋር ግን አልተነጋገርኩም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የባለቤቴ እህት ካናዳ ትኖራለች። የምትካፈልበት የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ እናቶች እየተሰበሰቡ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ሜኖናይቶችን በመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ታውቋቸዋላችሁ፤ ከጣሊያን ጦርነት በኋላ መጥተው ናዝሬት ላይ ሆስፒታል የከፈቱት ናቸው። የሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴ የሚባለው የርዳታ ድርጅታቸው እንዲህ ያለውን ብርድ ልብስ በየአገሩ ላሉ ስደተኞችና ተፈናቃዮች ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2020 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በአሜሪካና በካናዳ 6,500 ብርድ ልብስ ለመሥራት ነበር የተነሣው። አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ቤቷ ወስዳ ትገጣጥማለች፣ ሌላዋ ትቋጥራለች። ስሙን «ኮምፎርተር» ይሉታል፤ አጽናኝ ማለት ነው። የብርድ ልብስ ስም እንዲህ ሲሆን ደስ አይልም?

እኔም አንድ ነገር አሰብኩ። የግቢያችን ሴቶች ስንለያይ በቴሌግራም አንድ ቡድን ከፍተን ነበር፤ ግን ከበዓል መልካም ምኞትና ከለቅሶ ወሬ በስተቀር ምንም አይጻፍበትም። ከሁላችን ታላቅ የሆኑት እማማ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷቸው፣ «ብርዱ አጥንቴን ዘለቀው» እንደሚሉ ሰምተናል። ታዲያ እያንዳንዳችን ባለንበት ከቤታችን ጨርቅ ካሬ ካሬ አድርገን ብንሰፋና ብንገጣጥመው? ሐሳቤን በድምፅ ላክሁ። በአንድ ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች እሺ አሉ። አንዷ ቤይሩት ያለች ናት፤ የልጅነት ቀሚሷ እናቷ ዘንድ ስለ ነበር በእሷ ስም እናቷ ቆረጠችላት።

ለባለቤቴ ስነግረው ቀና ብሎ አየኝ። «ድሪቶ ልትሰፊ ነው?» አለ። በስምንት ወር ውስጥ ካወራነው ሁሉ ሳይረዝም አይቀርም።

እውነቱን ነው። በእኛ አገር የተጣፈ ልብስ የማጣት ምልክት ነው፤ ድሪቶም ስድብ ነው። እናቴ የወንድሜን ሱሪ ጉልበት ስትጥፍ ጨርቁን ከውስጥ በኩል ታደርገውና ክሩን ከሱሪው ጋር ታመሳስለው ነበር፣ ሰው እንዳያይ። እነዚያ ሴቶች ግን ቁርጥራጩን አደባባይ ያወጡታል። ደግሞ ነገሩ ለእኛም ከተማ ፍጹም እንግዳ አይደለም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱትን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ያየ ሰው፣ ታካሚዎቹ የሚደርቧትን ቡራቡሬ የሹራብ ብርድ ልብስ አይረሳም። አውስትራሊያ ያሉ ሴቶች በየቤታቸው ካሬ ካሬ እየሠሩ፣ እየገጣጠሙ ለዓመታት ሲልኩ ኖረዋል። የሠራችው የደረበችውን አታውቃትም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ዶርቃ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩትን ታስታውሳላችሁ፤ የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር።

አሁን ስለ ሥራው ልንገራችሁ፤ ምናልባት የምትሞክሩት ትኖራላችሁና። አምስት ካሬ በአግድም፣ ስድስት ካሬ በቁመት፤ በጠቅላላው 30 ካሬ። የእያንዳንዱ ጎን ሲያልቅ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ 150 በ180 የሆነ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። ነገር ግን ስፌቱ በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚበላ፣ የሚቆረጠው 32 ነው። እኔ የልብስ ሰፊ ሚስት ሆኜ ይህን ረስቼ፣ «30 በ30 ቁረጡ» ብዬ በድምፅ ላክሁ። ማታ ትዝ ሲለኝ «ይቅርታ፥ 32 ይሁን» ብዬ ጻፍሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግቼ መቁረጥ ስጀምር ባለቤቴ ከወዲያ ያየኛል። ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው ቀን መቀሱን ከእጄ ወሰደ። «ምን እያደረግሽ ነው? በድሩ ልክ ቁረጪ እንጂ! በሰያፍ የተቆረጠ ይለጠጣል፤ ነገ ካሬሽ ካሬ አይሆንም።» ደግሞ ከጆንያው ያወጣሁትን የኮት ሱፍ ከስስ ፖፕሊን አጠገብ ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ከባዱ ስሱን ይጎትተዋል፤ ስፌቱ ላይ ይተረትረዋል። ለገበር የገዛነውን አራት ሜትር አቡጀዲ «አጥበሽዋል?» አለኝ። አላጠብሁትም። አዲስ አቡጀዲ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ከአሮጌ ጨርቅ ጋር ከተሰፋ ሁሉንም ጨምድዶ ይዞት ይገባል። ለካስ ጌታ በማርቆስ ምዕራፍ 2 ስለ አዲስ እራፊ የተናገረውን ስንት ዓመት ስሰማ ኖሬ ስለ ጨርቅም መሆኑን አላስተዋልሁም! ባለቤቴ ሳቀ። አቡጀዲውን ራሱ ነከረው።

ያን ቀን ማታ አንሶላውን ከሲንጀሩ ላይ አነሣው።

እንግዲህ ካሬዎቹ መምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ በታክሲ ረዳት፣ አንዳንዱ በልጅ እጅ። አንድ ቀን የእትዬ ሦስት ካሬዎች መጡ። እትዬ የምላት በግቢው ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤቴ ናት። ከመነሣታችን ሁለት ወር ቀደም ብሎ በዚያ በጋራ ቆጣሪ ተጣልተን ነበር። በዚያን ጊዜ የየቤቱን ሰብስባ የምትከፍለው እሷ ነበረች፤ እኔ 380 ብር ሰጥቼሻለሁ አልሁ፣ እሷ አልተቀበልሁም አለች። ግቢው እየሰማ «ሰው አይታመንም» አልኋት። ከዚያ ዕቃ መጫን መጣ፣ ሳንሰነባበት ተለያየን።

ጨርቁን ሳየው ወዲያው አወቅሁት። በሯ ላይ ይሰቀል የነበረው አረንጓዴ አበባ ያለበት መጋረጃ ነው፤ በየቀኑ በአጠገቡ አልፌያለሁ። በሜትር ስለካው ግን 30 ነው። ሦስቱም ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር አንሰዋል። ምን እንዳልሁ ልደብቃችሁ? «እዚህም አጎደለችብኝ!» አልሁ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

ባለቤቴ መርፌውን አቁሞ፣ «እሷ ማንበብ ትችላለች እንዴ?» አለኝ።

አትችልም። መልእክት ቢመጣባት ለእኔ ነበር የምታስነብበኝ። 30 ያልሁት በድምፅ ነው፣ 32 ያልሁት በጽሑፍ። እሷ የሰማችውን፣ በትክክል፣ አንድ ክር ሳታዛንፍ ቆርጣለች።

አሁን ደግሞ ለባለቤቴም ያልነገርሁት ሌላ ነገር ነበር። ዕቃ ስንጭን የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ 380 ብሩን አራት ታጥፎ አግኝቼዋለሁ። ልሰጣት አዘጋጅቼ እዚያ ከትቼው ረስቻለሁ። አገኘሁት፣ ቆርቆሮውን ከደንሁት። ገላን ጉራም ይዤው መጣሁ። «አንድ ቀን እደውላለሁ» እያልሁ ከዓመት በላይ ሆነኝ፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ በኅብረታችን የእህቶችን ጸሎት እመራ ነበር። ያን ማታ ቆርቆሮውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ፣ ነገርሁትም። ባለቤቴ አልገሠጸኝም። ብሩን አየና፣ «መጀመሪያ ካሬዋን እናስተካክል» አለ።

የሱሪ ውስጥ ኪስ የሚሰፋበትን ነጭ ጨርቅ አወጣ። ኪስ ውስጥ ስለሚቀር ማንም የማያየው፣ ግን ጠንካራ ጨርቅ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሽንትሮች ቆረጠና በካሬዎቹ ዙሪያ እንደ ክፈፍ ሰፋቸው። ስፌቱ 30 የነበረውን 28 ያደርገዋል፣ ሽንትሩ በየጎኑ ሁለት ሁለት ይመልስለታል፤ 32 ሞላ። እንዲህ ስለምታሰፉ ሰዎች ልብ በሉ፤ ያነሰ ካሬ አይጣልም፣ ክፈፍ ይደረግለታል።

የመቋጠሪያው ቀን በሰኔ 2017 ዓ.ም. ሆነ። መኻሉ የእኛ ያረጀ ጋቢ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሌላ ጥጥ አላስፈለገንም። ሦስቱን ንብርብር በየማዕዘኑና በየካሬው መኻል በወፍራም ክር እየወጉ መቋጠር ነው ሥራው፤ 50 ቋጠሮ። ሰባት ሴቶች መጡ። እትዬም መጣች። ወለሉ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ካሬዎቿን አየችና ነጩን ክፈፍ በጣቷ ነካችው።

«የእኔ አንሶ ነበር እንዴ?» አለች።

«አንቺ አላሳነስሽም፤ እኔ ነኝ አሳስቼ የነገርኩሽ» አልኋት። ከዚያ ሁሉም እየሰሙ፣ ግቢው እየሰማ እንደ ሰደብኋት፣ የቆርቆሮውን ነገር ነገርሁና ብሩን ሰጠኋት። ቤቱ ጸጥ አለ። ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላቀፈችኝም። የጀመረችውን ቋጠሮ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«እኔ እኮ ተቀብዬ ጥዬው ይሆናል እያልሁ ስንት ሌሊት ሳስብ አደርሁ» አለች። ብሩን ቆጠረችው። መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ቆየት ብላ፣ «በይ ያንን ክር ወዲህ በይልኝ» አለችኝ።

ከዚህ በላይ የሆነ ነገር የለም፤ ብጨምርላችሁ ውሸት ይሆናል። ግን ስትሄድ ታክሲ ድረስ አብረን ወረድን። አሁን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እደውልላታለሁ፤ በድምፅ እንጂ በጽሑፍ አላክም።

ለእማማ ያደረስነው በበነጋው ነው። ባለቤቴ ተሸክሞ ሦስት ፎቅ ወጣ። እማማ አልጋቸው ላይ ዘረጉትና እጃቸውን እያሳለፉ ያነቡት ጀመር። «ይሄ የእንትና ልጅ ዩኒፎርም ነው። ይሄ መጋረጃ... ይሄማ የበሩ ነው! ይሄ የማን ቀሚስ ነው? አዎ፣ ለሠርጉ የለበሰችው።» ግቢውን ከበሩ እስከ ማጀቱ እንደገና እየዞሩት ነበር። እስከ ዳር ደርሰው ቆሙ።

«የእኔስ የታለ?» አሉ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ሊሰጣቸው እንጂ ከእሳቸው ሊወሰድ እንደሚገባ ማናችንም አላሰብንም ነበር። እማማ መልስ አልጠበቁም። ከትራሳቸው ሥር ያረጀ ነጠላ ስበው አወጡ፤ ጥለቱ ደብዝዟል፣ ጫፉ ተበልቷል። መቀስ ጠየቁ።

«እኔ ልቁረጠው እማማ» አለ ባለቤቴ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና በጥለቱ ላይ ዘረጋው።