መብራቱን ማን በላው?

አባቴ በሕይወት ዘመኑ ደጋግሞ የተናገረው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው ብትሉኝ አላመነታም፤ «ያንን መብራት አጥፉ!» የሚለው ነው። ከምክሩም፣ ከቁጣውም፣ እናቴን ከሚጠራበትም ይበልጣል። ከጓዳ የተመለሰ፣ መጽሐፍ ይዞ እንቅልፍ የጣለው ሁሉ ይህችን ትእዛዝ ይቀበላል። እኔም በተራዬ ጎጆ ወጥቼ ልጆች ሳፈራ ዓረፍተ ነገሯን እንዳለች ወረስኳት። ታዲያ ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን ላውጋችሁና የሁለት ትውልድ መብራት ማጥፋት ምን እንደጠቀመን ራሳችሁ ፍረዱ።

ግቢያችን ውስጥ ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። በዋናው ቤት እኛ እንኖራለን። ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ክፍል ከነማድ ቤቱ ለአንዲት የልጅ እናት አከራይተናል። እንጀራ እየጋገረች ለሰፈሩ ሱቆችና ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች። ገና ስትገባ የመብራቱን ሂሳብ እኩል ለሁለት እንድንካፈል ተስማማን። ያኔ ሂሳቡ የሚያጣላ አልነበረም፤ የማያጣላ ነገር ደግሞ ማንም አይለካውም።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ሲወሰን፣ የኛም ሂሳብ ከፍ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ «የታሪፉ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። በአንዱ ወር ግን ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር መጣ። ባለቤቴን አየኋት፤ አየችኝ። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ሰርቪስ ቤቱ አዞርን። በዚያ ሰዓት ከማድ ቤቱ ጭስ ማውጫ የእንጀራ እንፋሎት እየተንቦለቦለ ይወጣ ነበር። ማስረጃው በዓይን የሚታይ፣ በአፍንጫ የሚሸተት ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ጠራኋትና ነገርኳት። ጨዋ ነኝ፤ ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። «እኅቴ፣ ምጣዱ መብራት እየበላ ነው። በሳምንት ሦስቴ መጋገሩ ይቅርና ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ አድርጊው፤ አለዚያ ሂሳቡን ከግማሽ በላይ ልትከፍዪ ነው» አልኳት። አንገቷን ደፍታ «እሺ ጋሼ» አለች። ደግሞም ልክ እንደ አባቴ «መብራቱንም ቶሎ ቶሎ አጥፉ» ብዬ ጨመርኩበት። የእሷ ክፍል ያለው አንድ አምፖል ነው።

ወር አለፈ። እሷ ሐሙስን ተወች። ሂሳቡ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ከመቶ ብር በላይ ጨመረ። ይኼን ጊዜ «ደብቃ ትጋግራለች ማለት ነው» ብዬ አሰብኩ። እንጀራ ተደብቆ እንዴት እንደሚጋገር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያኔ ግን አስቤዋለሁ።

የእኅቴ ልጅ መሐንዲስ ነው። ሥራው ፋብሪካ እየዞሩ ኃይል የሚባክንበትን መፈለግ ነው፤ እነሱ የኢነርጂ ኦዲት ይሉታል። አንድ እሑድ ምሳ በልቶ ቡና ሲጠጣ አማረርኩለት። «ጋሼ፣ ደረሰኙን እስቲ ያሳዩኝ» አለ። የስድስት ወሩን ደርድሮ ካየ በኋላ «ብሩን ነው ወይስ ኪሎዋት ሰዓቱን ነው ሲያዩ የከረሙት?» ሲል ጠየቀኝ። ስንት ዘመን ተማሪዎቼን «ጽሑፉን አንብቡ፤ ከስሜታችሁ አትነሡ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ ደረሰኙ ላይ ከብሩ ሌላ ቁጥር መኖሩን ልብ አላልኩም። ፍጆታችን በወር 300 ገደማ ነበር፤ 800 ደርሷል። ታሪፍ ቢንር ብሩን ያበዛል እንጂ ኪሎዋት ሰዓቱን አይጨምርም። እንጀራ ጋጋሪዋም ምጣድ አልጨመረችም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መሣሪያውን ይዞ መጣ። ጉጠት የመሰለ፣ ሽቦውን በመንጋጋው ዙሪያውን ይዞ የሚያልፍበትን ኃይል የሚናገር ነገር ነው። መጀመሪያ «ከእሷ ጀምር» አልኩት። ተጠርጣሪዋ እሷ ናትና።

እሷ ልትጋግር ምጣዱን እያሟሸች ነበር። መሣሪያው 16 አምፔር አሳየ፤ 3,500 ዋት ያህል መሆኑ ነው። «ያውልህ!» አልኩ። በባለ 9 ዋት አምፖል ቢመነዘር ወደ 390 አምፖል ባንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። ልጁ ግን «ቆይ ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚበራው?» አለና ቁጭ ብሎ ሰዓት ያዘ። ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ስድሳ እንጀራ አወጣች። ሲደመር አሥር ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፤ ሲካፈል ለአንድ እንጀራ 0.17። ከዚያ የኛን ምጣድ ጠየቀ። እኛ ሃያ እንጀራ ለመጋገር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንፈጃለን፤ ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት፣ መሀል ላይ ስልክ ሲመጣ አሥር ደቂቃ… ለአንድ እንጀራ 0.25 አልፎ ሄደ። የእሷ ምጣድ አንዴ ከጋለ ስድሳውን በላይ በላዩ ታወጣለች፤ ማጋያው ለስድሳ ይካፈላል። እኛ ያንኑ ማጋያ ለሃያ እናካፍላለን። አባካኟ ያልኳት ሴት ከኛ ቤት ይልቅ ቆጣቢ ሆና ተገኘች። በሳምንት ሦስቴ በምትጋግርበት ጊዜ እንኳ የወሩ ድምር ከ120 እስከ 130 ቢሆን ነው። የኛ ምጣድ ወደ 40። ያረጀው ፍሪጃችን 60። አሥራ ሁለቱ አምፖሎቻችን፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ማታ ማታ አምስት ሰዓት ሙሉ ሁሉም ቢበሩ በወር 16።

ስቶቩን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ካውያውን ሁሉ ጨምረን ደመርን። 300 ሞላ፤ 500 ጠፋ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። እኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» ነው የምንለው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ መብራት ይበላል። ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ስሙም ተቀይሯል፤ ለኛ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው። ነገሩ መጀመሪያ ወደየቤታችን የገባው በአምፖል ተመስሎ ስለሆነ ስሙ እንደዚያው ቀረ። ስሙ ሲቀር ደግሞ ዓይናችንም አብሮ አምፖሉ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቁጠባ ሲባል ወደ ጣሪያ እናያለን። የሚበላው ግን የሚያበራው ሳይሆን የሚያሞቀው ነው፤ ሙቀት ደግሞ አይታይም።

እናቴ በገጠር ስታድግ ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ጉልቻውን ዙሪያውን በጭቃ ትከልለዋለች፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ድንጋይ ትገትራለች፤ እንጨቷን ቆጥራ ታስገባለች። በጀርባዋ የተሸከመችውን ሙቀት ዓይኗ ያየዋል። ኋላ በሲሚንቶና በቀላል ድንጋይ አሸዋ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ሲመጣ፣ ከሦስቱ ጉልቻ የእንጨቱን ግማሽ ያህል ያድናል ሲባል አልደነቃትም፤ «መከለሉ ነዋ» አለች። እሳቱ በግድግዳ ውስጥ ገብቶ በሽቦ ሲመጣላት ግን እሷም እንደ አባቴ መብራት አጥፉ ባይ ሆነች።

ለነገሩ አምፖሉም ቀልድ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ የማያስታውስ የለም። በዚያው ሰሞን ክር ያለውን የድሮ አምፖል እያስረከብን ነጩን ጥምዝምዝ አምፖል በነፃ ወሰድን። ዓለም ባንክ በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት በመጀመሪያው ዙር የታደሉትን 350,000 አምፖሎች መርምሮ፣ አንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት እንዳተረፈ ገምቷል። ቀላል አይደለም። ግን ያው ጥናት በ18 ወር ውስጥ ከትርፉ 20 በመቶ ያህሉ እንደተነነም ይናገራል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የኛን ቤት ነው የሚያወራው። አምፖሉ ብዙ አይበላም ከተባለ ወዲያ በረንዳው ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር አምፖል የጨመርኩት እኔው ነኝ።

ወደ ጠፋው 500 እንመለስ። ልጁ ዋናውን ቤት መስመር በመስመር መለካት ያዘ። ሁሉንም አጠፋን። ፍሪጁንም ነቀልን። ቤቱ ጭር አለ። መሣሪያው ግን 6.8 ያነባል። «ጋሼ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ» አለ። «ምንም የለም» አልኩ። «1,500 ዋት አለ» አለ።

ቦይለሩ ነበር። መታጠቢያ ቤት ከጣሪያ ሥር ተሰቅሎ፣ በቀን ሁለቴ የምንጠቀምበትን ውኃ ቀንም ሌሊትም ደጋግሞ ያፈላል። ውኃው ሲሞቅ ኃይሉን መቁረጥ ያለበት ቴርሞስታት በየጊዜው እየተጣበቀ ይቀራል። ውኃው ከልክ በላይ ሲግል የደኅንነት ቫልቩ ይከፈትና ትኩሱን ወደ ውጭ ይለቀዋል፤ በምትኩ ቀዝቃዛው ይገባል፤ ያም ደግሞ ይፈላል። የምናወጣውን ገንዘብ በቀጭን ቱቦ ጓሮ ስንደፋው ከረምን ማለት ነው። ምልክት አልነበረም እንዳልል፣ ውኃው እየለበለበን ነበር፤ እኛ ግን «ይኼ ቦይለር ጎበዝ ነው» እያልን አመሰገንነው። ሮቶው ቶሎ ቶሎ ይጎድል ነበር፤ እሱንም ለተከራይዋ የሊጥ ባልዲ ሰጠነው። ቱቦው በሚወርድበት ሥር ደግሞ ባለቤቴ የተከለችው ናና፣ ያለ አጠጪ በበጋ ለምልሞ የጎረቤት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ልጁ ማብሪያ ማጥፊያውን ወዲያው ዘጋው። ፊቱ ልክ አልነበረም። «ጋሼ፣ ገንዘቡን ይተዉት። ይቺ ቫልቭ በዝገት ተዘግታ ቢሆን ኖሮ ቦይለሩ ይፈነዳ ነበር» አለኝ። በዚያ ሥር በየጧቱ ፊቴን የምታጠበው እኔ ነኝ።

ጥገናው ከነገሩ ጋር ሲተያይ ያሳፍራል። አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ቫልቭ፣ ጧት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ የሚለቅ የሰዓት ማብሪያ። የተከራይዋንም ምጣድ ገልብጦ አየው። ሽቦው ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው መስመር ተኝቷል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ ግማሹ ሙቀት ወደ ታች ይሄዳል። «እዚህ ሥር ቡና መቁላት ይቻላል» አለ። ካረጀ የዳቦ ምድጃ የወጣ የፋይበር ግላስ ጥጥ አምጥቶ ከሥሩ ደለደለው። አሁን ቶሎ ይግላል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚኖር የድሮ ባልደረባዬ እዚያ ቤት የሚመረምር ባለሙያ ሲመጣ በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥሞ አየሩን እየሳበ፣ ብርዱ በየት ስንጥቅ እንደሚገባ እንደሚፈልግ አጫውቶኛል። እነሱ ብርድ ነው የሚያሳድዱት። የኛ አየር ይመስገነውና ማሞቂያ አይጠይቀንም፤ እኛ ዘንድ ምርመራው ማድ ቤትና መታጠቢያ ቤት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 810 ስለ ኃይል ቁጠባ ይናገራል፤ ግን ያንን መሣሪያ ይዞ የሰው ቤት በር የሚያንኳኳ እኔ አላጋጠመኝም። የእኅት ልጅ የሌለው ምን ያድርግ?

የቀረው ከባዱ ነበር። ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ለ130 የ400 ዋጋ አስከፍያታለሁ። የምጣዱን፣ የአምፖሉን፣ የልጇን ስልክ ባትሪ ሁሉ ቆጥሬ ልዩነቱን አወጣሁ። ገንዘቡን በፖስታ አድርጌ ሰርቪስ ቤቱን አንኳኳሁና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅኩ፤ ምን ያህል እንደተንተባተብኩ አልነግራችሁም።

ፖስታውን ተቀብላ ቆጠረችው። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ዝም አለች። «ሐሙስንም መጋገር ትችያለሽ» አልኳት፣ ትልቅ ስጦታ የሰጠሁ መስሎኝ።

«ሐሙስ የምግብ ቤቱ ነበረች» አለች። «አርብ የጾም ቀን ነው፤ በያይነቱ ስለሚበዛባቸው ሐሙስ ማታ ነው የሚረከቡት። እኔ ስተው ሌላ ሴት ያዙ።»

ምን ልበል? የዚያን ሂሳብ በየትኛው መሣሪያ ልለካው? ምግብ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለባለቤቱ ልናገርላት አልኩ፤ «ተዉት ጋሼ፣ እሷም ልጆች አሏት» አለችኝ። «ብቻ አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ የኔን ክፍል ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ ያስገቡልኝ።»

ኤሌክትሪሲያን ጠርቼ አስገባሁ። በየወሩ መጨረሻ ከደጃፏ ቆመን አብረን እናነባለን። እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ እሷ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ያለፈው ወር 104 አለ። ናናው ግን ቱቦው ከደረቀ ወዲህ ቅጠሉ እየተጠቀለለ ነው፤ ባለቤቴ አሁን በጣሳ ታጠጣዋለች።