ቤትን በጎማ ላይ ጭኖ ወደ ባሕር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፈጸምሁት ጉዞ ሳይሆን ገና ስለማቅደው ጉዞ ነው። «ያልተሄደበት መንገድ ምን ወሬ አለው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እኛ ተማሪዎችና የወር ደመወዝተኞች ከምንሄደው መንገድ ይልቅ የምናቅደው ይበዛልና፣ ዕቅድም በሚገባ ከተያዘ የመንገዱ ግማሽ ነውና፣ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የጀመረው በክፍል ውስጥ ነው። እኔ በደሴ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቆሜ፣ ስለ ባሕር ነፋስና ስለ የብስ ነፋስ ሳስረዳ በመጨረሻው ረድፍ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ እርስዎ ባሕር አይተው ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። «አላየሁም» አልኋት። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የተራራችንን ከፍታ የምንለካው በባሕር ነው፤ ከለኪዎቹ መካከል ግን ባሕሩን ያየ ስንት ነው?

በዚያው ሰሞን፣ በዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብረን ያደርን፣ አሁን በጀርመን አገር በሥራ ላይ ያለ ወዳጄ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቤት ያለው መኪና ተከራይተን ሁለት ሳምንት የክሮኤሽያን የባሕር ዳርቻ እንዙር። ሆቴል አያስፈልገንም፤ መኪናው ራሱ ሆቴል ነው።»

ቤት ያለው መኪና ምን እንደሆነ ላልሰማ ባጭሩ ልግለጽ። ትንሹ ከውጭ ሲያዩት የእኛን ሚኒባስ ይመስላል፤ ትልቁ የኢሱዙ ጭነት መኪና ያህላል። በውስጡ አልጋ፣ ሁለት ምድጃ ያለው የጋዝ ማብሰያ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ሌሊት ወደ አልጋ የሚለወጥ ጠረጴዛ፣ የንጹሕ ውሃና የእጣቢ ውሃ ታንከር፣ የሚነቀል መጸዳጃም አለው። በአውሮጳ በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ ግራም የማይበልጠው ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፣ ምክር ልጠይቅ ብዬ አንድ ቅዳሜ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወረድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ደሴ ላይ የለበሱትን ካፖርት ኮምቦልቻ ላይ በክንድ ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከ1964 እስከ 1990 ዓ.ም. በአሰብ መስመር፣ መጀመሪያ በረዳትነት፣ ኋላም በሾፌርነት ሠርተዋል።

አጎቴ ቡናውን «ጀባ» ብለው አቀበሉኝና፣ ስለ ቤት መኪናው የጻፍሁትን ሳነብላቸው ከልባቸው ሣቁ። «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ቤት ውስጥ ኖሬአለሁ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ቤት ነበር። ከወንበሩ ጀርባ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ረዳቱ ሸራው ላይ ይተኛል። ከተሳቢው ጎን የተበየደችው ሣጥን ወጥ ቤት ናት፤ በውስጧ የጋዝ ምድጃ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ድስትና ብርጭቆ ይቀመጣሉ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ፣ ከዚያም በሎግያ፣ በሰርዶ፣ በኤሊዳር፣ በማንዳና በቡሬ አድርጎ አሰብ ለመድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቆላው ሙቀት ጎማ እንዳይፈነዳ ሌሊት ይነዳሉ፤ ቀን ከመኪናው ጥላ ሥር ይተኛሉ። ሊነጋ ሲል አሰብ ሲደርሱ ፀሐይ ከባሕሩ ውስጥ ስትወጣ ያያሉ።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ፤ የአገሪቱም ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች ቡሬ ላይ በተገኙ ጊዜ፣ አጎቴ ያረጀውን መንጃ ፈቃዳቸውን ከሣጥን አውጥተው አቧራውን ጠርገው እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ወራት ሳይቈይ መንገዱ ዳግም ተዘጋ። ዛሬ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፤ «ደረቅ መሆኑን እንኳ አልካዱም» ይላሉ አጎቴ።

ክሮኤሽያን የመረጥሁበትን ምክንያት ስነግራቸውም ተገረሙ። ይህች አገር ቀድሞ የዩጎዝላቭያ ክፍል ነበረች። የአሰብን ወደብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገደማ የሠሩት የዩጎዝላቭያ መሐንዲሶች ናቸው፤ ያን ጊዜ የዩጎዝላቭያ የባሕር ዳርቻ በአብዛኛው ዛሬ ክሮኤሽያ የምንለው ነው። እንግዲህ እኔ የማቅደው፣ አጎቴ ጭነት ያነሡበትን ወደብ ወደ ሠሩት ሰዎች ባሕር ለመሄድ ነው። አገሪቱ ከአንድ ሺህ በላይ ደሴቶች አሏት። በስፕሊት ከተማ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ከ1,700 ዓመት በፊት ያሠራው ቤተ መንግሥት አሁንም ሰው ይኖርበታል፤ ዱብሮቭኒክም በድንጋይ ቅጥር የታጠረች ከተማ ናት።

አጎቴ ግን፣ «ወሬው ይቈየን፤ መጀመሪያ ሐይቅ ድረስ ሄደን እንሞክረው» አሉ። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በግዕዝ «ሐይቅ» ማለት የባሕር ዳር ማለት ነውና፣ ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ቦታ አይገኝም። ከጎረቤት አሮጌ ሚኒባስ ተከራየን፤ የኋላ ወንበሮቹን ነቅለን ፍራሽ አነጠፍን፤ ምድጃ፣ ድስትና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጫንን። ከዚያች አንዲት ሌሊት የተማርሁትን በተራ ላቅርብላችሁ።

አንደኛ፤ ያልታሰረ ዕቃ አይጫንም። በሐረጎ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ የሽሮው ድስት ተገልብጦ ፍራሹን አለበሰው። እስከ ደሴ ድረስ አጎቴ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ደሴ ስንደርስ ግን ወርደው ገመድ ገዙ።

ሁለተኛ፤ ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም። አቀበቱን በየትኛው ማርሽ እንደምትወጡት አስቡና ቁልቁለቱንም በዚያው ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛል። በፍሬን ብቻ የወረደ ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። የክሮኤሽያም ዳርቻ ተራራው ከባሕሩ አፋፍ የሚነሣበት አገር ነውና ይህ ትምህርት በዚያም ያገለግላል። ከዚህም ሌላ ከተራራው ወደ ባሕሩ የሚወርድ «ቡራ» የሚባል ብርቱ ነፋስ አለ፤ በሚበረታበት ጊዜ በሴኝ አካባቢና በክርክ ደሴት ድልድይ ላይ ቁመተ ረጅም መኪናዎች እንዳያልፉ ይታገዳሉ። አጎቴ ስሙን ሲሰሙ፣ «እኛን ያገደን ቡሬ ነው፤ እናንተን ደግሞ ቡራ!» ብለው ቀለዱ።

ሦስተኛ፤ ውሃ ይቈጠራል። ሃያው ሊትር ከቁርስ በፊት አለቀ፤ ከዚያ ውስጥ የጠጣነው አራት ሊትር አይሞላም፤ ቀሪው የሄደው ሽሮ ለማጠብ ነው። የቤት መኪና ታንከር ብዙውን ጊዜ 100 ሊትር ያህል ይይዛል። እቤት ቧንቧ ከፍቶ የለመደ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ እንደ ሾፌር የቈጠረ አራት ቀን ያቈየዋል።

አራተኛ፤ ባትሪ ይጠበቃል። የውስጡን መብራት ሳናጠፋ ተኝተን ኖሮ፣ ጠዋት መኪናው አልነሣ አለ። የሐይቅ ጎረምሶች ገፍተው አስነሡልን። በቤት መኪና ውስጥ ለመብራትና ለማቀዝቀዣው ሁለተኛ ባትሪ ተለይቶ የተቀመጠው ስለዚህ ነው።

መኪናው እስኪነሣ ስንጠብቅ ከሐይቁ ማዶ በኩል ጭጋጉ ተገፈፈ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት የመሩት የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ብቅ አሉ። አጎቴ በዳርቻው ሰግደው ሲነሡ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ነገር ግን ማዶው ይታያል። ባሕር ማዶ የለውም።»

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንለፍ። ክሮኤሽያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የሸንገን ማኅበር አባል ናት። የቪዛው ማመልከቻ ከጉዞው ቀን ስድስት ወር ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው መግባት አለበት። ዋጋው ከ2024 ሰኔ ወዲህ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን፣ የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫ ይጠየቃል። ፓስፖርቱም ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚሠራ ይሁን። የቪዛው ሹም ማወቅ የሚፈልገው እንዴት እንደምትሄዱ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደምትመለሱ ነው። እኔም በማመልከቻዬ፣ «መስከረም ላይ መልስ የምትጠብቅ ተማሪ አለችኝ» ብዬ ለመጻፍ አስቤአለሁ።

በካርታው ላይም አንድ ወጥመድ አለ። ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ ሲወርዱ ኔኡም በምትባል ከተማ በኩል የቦስንያ አገር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ ገብታ የክሮኤሽያን ዳርቻ ለሁለት ትከፍለዋለች። ቦስንያ ሸንገን አይደለችም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ በዚያ ያለፈ ሰው ከሸንገን ወጥቷልና ተመልሶ ሊገባ አይችልም። መድኃኒቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በሐምሌ 2022 በተከፈተው፣ 2.4 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በፔልየሻትስ ድልድይ ማለፍ ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው፣ «ለቦስንያ ሃያ ኪሎ ሜትር ባሕር ሰጥተው፣ ለራሳቸው ድልድይ ሠሩ?» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ያህል መልሰው ጠየቁኝ።

ማደሪያን በተመለከተ፣ በክሮኤሽያ ከተፈቀደው የካምፕ ቦታ ውጭ መኪና አቁሞ መተኛት የተከለከለ ነው፤ የተገኘ ይቀጣል። በሐምሌና በነሐሴ ካምፖቹ ይሞላሉ፤ ዋጋቸውም ይወደዳል። እኛ መምህራን ደግሞ ዕረፍታችን ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ መቀነስ ሲጀምር፣ ከነሐሴ 15 በኋላ ለመሄድና በጳጉሜ ለመመለስ ወስነናል።

የገንዘቡን ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. ለዚህ ጉዞ እቁብ ገባሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እቁቡ ሲደርሰኝ ብሩ ያው ነበር፤ መንገዱ ግን በእጥፍ ረዝሞ ጠበቀኝ። ጉዞውን ሁለት ዓመት አስተላለፍን፤ እኔም ሁለተኛ እቁብ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ጨርሶ ልተወው ያሰብሁበት ቀን ነበር። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ የአጎቴ ቤት ጣራ ተጎድቶ ነበር፤ እስካሁንም በክረምት ያፈስሳል። ገንዘቡን ይዤ ሄድሁና፣ «ጋሼ፣ ባሕሩ ይቅር፤ ቆርቆሮ እንግዛበት» አልኋቸው። አጎቴ ገንዘቡን አልነኩትም። «አብሽር፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ቆርቆሮ ይጠብቃል፤ ዓይን ነው የሚያረጀው። እኔ ሳየው የቀረኝን አንተ እይልኝ።»

ምን እንደቀራቸው ጠየቅኋቸው። አሰብ ያለችው ከባሕሩ በስተ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ አጎቴ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ፀሐይ ከባሕር ስትወጣ እንጂ ወደ ባሕር ስትገባ አላዩም። የክሮኤሽያ ዳርቻ ደግሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው፤ በዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው ውሃው ውስጥ ነው።

ስለዚህ በዕቅዴ ወረቀት መጨረሻ፣ ከጋዙና ከገመዱ በታች፣ አንድ ቁም ነገር ተጨምሯል፦ በነሐሴ መጨረሻ በዚያ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፏል፤ አጎቴ ዒሻ ሰግደው ጨርሰዋል። በዚያች ደቂቃ በስልኩ ምስል ደውዬ መስኮቱን ወደ ባሕሩ አዞርላቸዋለሁ።

ቪዛው ከተሰጠኝ፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ የቀረውን በጥቅምት እጽፍላችኋለሁ። ካልተሰጠኝም ሚኒባሱ አለ፤ ገመዱም ተገዝቷል።