መሃሉ ጥርት ብሎ

ቅዳሜ ጠዋት ካሜራ አንጠልጥለን የምንወጣ አራት ጓደኛሞች ነን። አራት ኪሎ ቡና እንጠጣና እግራችን ወደመራን እንሄዳለን፤ አንዳንዴ መርካቶ፣ አንዳንዴ ሽሮ ሜዳ። የሦስቱ ካሜራ ራሱ ፎከስ ያደርግላቸዋል። እኔ በእጄ አዞራለሁ። በዚህ የተነሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላለቀ ክርክር አለን። "አንተ ሌንስ ስታዞር የምታነሳው ሰውዬ ቤቱ ይገባል" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ጥቅል ሸማ የተሸከመ ልጅ እየሳቀ ሲያልፍ እነሱ አሥር ጥርት ያለ ፎቶ ይዘው ይመለሳሉ። እኔ የልጁን ጀርባ፣ እሱንም ብዥ ያለ።

እስካለፈው ዓመት ድረስ ግን አንዲት አፍ ማስያዣ ነበረችኝ። "የአባቴን ዓይን ያጠፋው አውቶፎከስ ነው" እላቸው ነበር። በቃ፣ ጸጥ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ደፍሮ ይከራከራል?

ይህ ጽሑፍ ያቺ አፍ ማስያዣ ውሸት ሆና ስለ መገኘቷ ነው።

አባቴ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። አንድ ክፍል ነች። ከኋላ ግድግዳው ላይ የተቀባ ፏፏቴ፣ ከጎን የፕላስቲክ አበባ፣ በሩ አጠገብ መስታወትና ማበጠሪያ። በአዘቦት ቀን ጉርድ ፎቶ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ። ሥራ የጀመረው በሩሲያ ሠራሽ ዜኒት ካሜራ ነው። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ይባላል፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ኤፍ 2። እንደ ብልቃጥ ክዳን ተሽከርክሮ ነው የሚገጠመው። የመግጠሚያው ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በአንድ ርካሽ አዳፕተር የዛሬዎቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ላይም ይገባል። ተመርቄ ሥራ ስይዝ አባቴ ዜኒቱን ከነሌንሱ ሰጠኝ። ካሜራው ሞቷል። ሌንሱ ግን እንደ አዲስ ነው፤ ቀለበቱ ማር ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ዝግ ብሎ ይዞራል።

በዚህ ሌንስ በእጅ ፎከስ ማድረግ ቀልድ አይደለም። ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ሆኖ፣ ኤፍ 2 ተከፍቶ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ ሰው ቢነሳ ጥርት የሚለው ክፍል ውፍረቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ዓይኑ ከጠራ ጆሮው ይደበዝዛል። ሰውየው ሳቅ ብሎ ወደ ኋላ ዘንበል ካለ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ሙያዬ ሶፍትዌር ነውና አውቶፎከስን ንቄው አላውቅም። ትንንሾቹ ዲጂታል ካሜራዎች ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ቀላል ነው። ሌንሱን ትንሽ ያንቀሳቅሱና በምስሉ ውስጥ የብርሃንና የጥላው ልዩነት ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብለው ይለካሉ። ከጨመረ ይቀጥላሉ፣ ከቀነሰ ይመለሳሉ። ጭጋግ ውስጥ ያለ ሰው ዳገቱን በእግሩ እየዳሰሰ የተራራውን ጫፍ እንደሚፈልገው ማለት ነው። ፈጣኑ ዘዴ ደግሞ በሌንሱ በአንድ ወገንና በሌላው ወገን የገባውን ብርሃን ለይቶ ሁለቱን ምስሎች ማስተያየት ነው። ከተዛነፉ፣ ወደየት እና በምን ያህል እንደተዛነፉ ስለሚታወቅ ሌንሱ በአንዴ ወደ ቦታው ይሄዳል። ሚኖልታ በ1985 እ.ኤ.አ. 7000 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ይህን ሁሉ ከነሞተሩ ካሜራው ሆድ ውስጥ ከተተው። ዛሬ ካሜራው ሰው መሃል ገብቶ የሰው ዓይን ፈልጎ ያገኛል።

አባቴ አውቶፎከስ ያለው ካሜራ የገዛው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ደስታውን ግን አስታውሳለሁ። እራት ላይ ለእናቴ "እኔ ሳላይ ያያል እኮ!" ይላት ነበር። በ2009 ዓ.ም.፣ እኔ የኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ከግራ የመጣ ባጃጅ ለጥቂት ሳተው። ባጃጁን ጨርሶ አላየውም። ሐኪም ቤት ሲሄድ ግላኮማ ነው ተባለ፣ ሰው የዓይን ግፊት የሚለው። ሁለቱም ዓይን ላይ ብዙ ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው ተባለ። የቀረውም ብዙ አልቆየም። አሁን መስኮቱ የት እንዳለ ያውቃል፣ በሩ ላይ ሰው ሲቆም ጥላው ይታየዋል፣ ያ ነው።

የእኔ ክስ እንዲህ ነበር። አባቴ ዜኒቱን ይዞ ቢቀጥል ኖሮ ዓይኑ ሲደክም ፎከሱ መሳት ይጀምራል። ደንበኛ ያማርራል። እሱም ይነቃና በጊዜ ይታከማል። አውቶፎከሱ ግን ድክመቱን ከአሥር ዓመት በላይ ሸፈነለት። እኛ ሙያ ውስጥ በጣም የሚፈራው ፕሮግራም የሚሰናከለው አይደለም፤ ስህተቱን ውጦ ዝም የሚለው ነው። ክሱ በጣም የተዋጣ ስለመሰለኝ ጽፌ ላወጣው አሰብኩ። ማስረጃ ያስፈልጋላ!

ያለፈው ዓመት ጥምቀት ላይ ደሴ ሄጄ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩትን የሰርግ ፎቶዎች ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሁለት ካርቶን ሙሉ። ምንጣፉ ላይ በየዓመታቸው ደረደርኳቸው። ፎከሱን ነበር የማየው። እንደጠበቅኩት እስከ መጨረሻው ዓመት ጥርት ያለ ነው፣ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። "ይኸው" አልኩ በልቤ።

እናቴ ቡና እየቆላች ከላዬ ታይ ነበር። "ይቺ ሚዜ ምነው ግማሿ?" አለች።

አየሁ። ከ2002 ወዲህ ባሉት ፎቶዎች ግራው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ይጎድላል። መጀመሪያ የሚዜ ክንድ። ቀጥሎ የሽማግሌ ትከሻ። የአንድ ልጅ ግማሽ ፊት። የ2007ቱ ሰርግ ላይ ከሙሽራዋ በግራ የቆመች ሴት የቀረላት የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው። መሃሉ ግን ሁሌም ጥርት ብሏል።

"ላብራቶሪው ነው የሚቆርጠው ይል ነበር" አለች እናቴ። "ደንበኞቹም የሚሰድቡት ላብራቶሪውን ነበር።"

በ2009 አባቴን ያዩት ሐኪም ሌላም ነገር ብለው ነበር። በሽታው በዘር ይሄዳልና ልጆች ይመርመሩ። ስምንት ዓመት አልተመረመርኩም። ሰበቤን እዚህ ካልጻፍኩት የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። በሄሊዮሱ፣ በሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ፣ በእጄ ፎከስ አድርጌ ጥርት ያለ ፎቶ እስካነሳሁ ድረስ ዓይኔ ደህና ነው ብዬ አምን ነበር። ክሱ ለአባቴ የቆመ ይምሰል እንጂ የተጠለልኩበት እኔ ነበርኩ።

አዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ ሄድኩ። ለሐኪሟ ስልኬ ላይ ያሉትን የሰርግ ፎቶዎች አሳየኋትና ክሴን ነገርኳት። ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችኝ። "ፎከስ የምታደርገው በዓይንህ መሃል ነው" አለችኝ። "ግላኮማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሃሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። አባትህ በድሮው ካሜራም እስከ መጨረሻው ጥርት አድርገው ያነሱ ነበር።" በሁለት ዓይን ስናይ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል፣ የቀረውን አእምሮ ይገምተዋል፤ ስለዚህ ሰው ጥቁር ነገር አይታየውም፣ የጎደለውም አይመስለውም አለችኝ። ካሜራ ውስጥ ግን የሚታየው በአንድ ዓይን ነው። ለካ አባቴ ሊደርስበት ይችል የነበረበት ቦታ አንድ ብቻ ኖሯል፣ የፎቶው ጠርዝ። እሱን ደግሞ ማናችንም አላየንም። ሁላችንም የምንጠይቀው ጠራ ወይስ አልጠራ ብቻ ነበር።

ከዚያ እኔን መረመረችኝ። አንድ ዓይኔን ሸፍና አገጬን መደገፊያ ላይ አስቀመጠችኝ፣ አንድ ቁልፍ አስያዘችኝ። "መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ ተመልከት። ሌላ ቦታ ብልጭ ሲል ቁልፉን ተጫን።" ጥቂት ደቂቃ ነው። ብልጭ፣ ተጫንኩ። ብልጭ፣ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ነው የሚከብደው። መብራት ስላልበራ ነው ወይስ በርቶ ስላላየሁት? ማሽኑ ያውቃል። እኔ የማውቅበት ምንም መንገድ የለም።

ውጤቱ ደህና ነው። ሙሉውን አይቻለሁ። የቀኝ ዓይኔ ግፊት ትንሽ ከፍ ስላለ ግን በየስድስት ወሩ እንድመለስ ቀጠሮ ተሰጠኝ።

ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ በደግነት ይመስለኛል፣ "እኛ እኮ አውቶፎከስ የምንጠቀመው ዓይናችን ጠርዙን እንዲያይ ነው" አለኝ። በእርግጥ ቀለበት ሳዞር ዓይኔ መሃሉ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ብዙ ፎቶዬ ውስጥ የሰው እግር የምቆርጠው ለዚህ ኖሯል። አሁን አንድ የአውቶፎከስ ሌንስ ገዝቻለሁ። ሄሊዮሱንም አልጣልኩትም። የምይዘው ግን መዞሩን ስለምወደው ነው፤ ሐኪም አላደርገውም።

ለፋሲካ ደሴ ስሄድ ይዤው ሄድኩ። ለአባቴ ክሴ መውደቁን ስነግረው ሳቀ። "እኔ መቼ ካሜራውን ከሰስኩ?" አለኝ። ትንሽ ቆየና "ስጠኝ እስቲ" አለ። ካሜራውን አብርቼ ሰጠሁት።

"ኤፍ 8 አድርግልኝና እናትህ አጠገብ ሄደህ ቁም። አውሩ፣ ድምፃችሁን ልስማ።"

በዚህ ሌንስ፣ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ፣ ቀለበቱ ሦስት ሜትር ላይ ከቆመ ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ከሰማንያ ያለው ሁሉ ይጠራል። አባቴ ቁጥሮቹ አይታዩትም። ቀለበቱን እስከ ማለቂያው ወሰደው፣ ከዚያ በጣቱ እየለካ መለስ አደረገው። እናቴ ስለ በጉ ዋጋ ስታወራ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ። አንዴ ብቻ ተጫነ።

"ጠራ?" አለኝ።

አጉልቼ አየሁት። "ጠርቷል አባዬ።"

"ጠርዙስ?"

"እማዬን ክርኗ ላይ ቆርጠሃታል።"

"ላብራቶሪው ነው" አለ።