ደከም እና ድክም

የእንግሊዝኛ ቅጽል ደረጃውን የሚናገረው በጅራቱ ነው። «ቶል» ረጅም ነው፤ «ቶለር» ከሌላው የሚረዝም፤ «ቶለስት» ከሁሉ የሚረዝም። ደጎሎ ሳስተምር ተማሪዎች ዘወትር «የአማርኛውስ ጅራት የቱ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። አማርኛ እንዲህ ያለ ጅራት የለውም። «ከ»ን በተወዳዳሪው ላይ ያኖርና ሥራውን ለግሱ ያስረክባል፤ «ደጎሎ ከወንጪት ሸለቆ ይቀዘቅዛል» እንላለን። መብለጥ፣ ማነስ፣ መሻል፣ መባስ ሁሉም ግሶች ናቸው። ከሕመሙ ያገገመውንም ሰው «ተሻለው» የምንለው በዚሁ ግስ ነው፤ በዚህ ረገድ እንኳ እንግሊዞቹም እንደኛው ናቸው።

ይህን አይተው አማርኛ በደረጃ አገላለጽ ድሃ ነው የሚሉ አሉ። ፍርዱ የችኮላ ይመስለኛል። የጃማ ገበሬ ዋልካ መሬቱን ሲያሳይ «ጠቆር ያለው» ይላል። ይህም «ጥቂት የጠቆረ» ማለት ነው፤ ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን «ከዚያኛው የሚጠቁረው» ማለት ይሆናል። «ረዘም ያለ ገመድ አምጣ» ሲባልም እንዲሁ ነው። ከእኛ እጅግ የራቀው ኡዝቤክኛም እዚህ ላይ ይገጥመናል፤ «ካታ» ትልቅ ሲሆን «ካታሮቅ» እንደ አገባቡ «የሚበልጥ» ወይም «ተለቅ ያለ» ነው። ማጉላት ሲፈልግ ደግሞ የቃሉን መነሻ ይደግማል፤ ቀዩ «ቂዚል» ደማቅ ሲሆን «ቂፕቂዚል» ይባላል።

እኛ ድምፁን ከውስጥ እንለውጣለን። «ደከም ብሎታል» ጥቂት ድካም ነው። «ድክም ብሎታል» ሲባል ግን አናባቢው ይለወጣል፣ «ክ» ይጠብቃል፣ ጉልበትም ማለቁ ይታወቃል።

በ1977 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ በተመታ ጊዜ በአንድ የእርዳታ ጣቢያ በአስተርጓሚነት አገለግል ነበር። አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ቀረበችና «ትልቁ ደከም ብሎታል፤ ይኸኛው ግን ድክም ብሎታል» አለች። ከጎኔ የነበረው ባልደረባ ሁለቱንም «ታየርድ» ብሎ አለፈ። የውጭ አገሯ ነርስ ልጆቹን በአንድ ሰልፍ ልታቆማቸው ስትል እናቲቱ «ድክም!» ብላ ቃሉን አጥብቃ ደገመችው። ጣልቃ ገብቼ፣ ታናሹ መቆም የማይችል መሆኑን አስረዳሁ። ወዲያው ተሸክመው ወደ ድንኳኑ አስገቡት።

ማምሻውን ነርሷ ሁለቱን ቃላት በማስታወሻዋ ላይ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ልዩነታቸው ስለ ጠበበ ከሁለተኛው ሥር ሁለት መስመር አሰመርኩበት።