በገጽ ላይ ስለሚገባ ሥዕል

የቀደሙት ጸሐፍት በብራና ላይ ሲጽፉ ለሥዕሉ የሚሆን ስፍራ ይተዉ ነበር፤ ሠዓሊውም በኋላ መጥቶ በዚያ ስፍራ የቅዱሱን መልክ ይሥል ነበር። ቀለሙ በቆዳው ላይ ከደረቀ በኋላ መጽሐፉ ወደ የትም ቢወሰድ ሥዕሉ አብሮ ይሄዳል። ዛሬ ግን ገጽ የሚሰናዳው በኮምፒዩተር ስለ ሆነ፥ የሥዕልና የገጽ ዝምድና እንደ ቀድሞው አይደለም። የጋዜጣ ገጽ በማሰናዳበት ጊዜ ከዚህ ነገር ያስተዋልሁትን ለአንባቢ ልገልጥ ወደድሁ።

በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣውና ኢንዲዛይን በሚባለው ፕሮግራም ፎቶግራፍ ወደ ገጽ ሲገባ፥ እንደ ልማዱ በመስኮቱ ላይ የምናየው የሥዕሉን ጥላ ነው። ሥዕሉ ራሱ በተቀመጠበት ማኅደር ይቀራል፤ ገጹም ወደዚያ የሚያመለክት ክር ይይዛል። ሰው የሥዕሉን ስም ቢለውጥ ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ቢያዛውረው ክሩ ይበጠሳል፤ ፕሮግራሙም በቀይ የጥያቄ ምልክት ያስታውቃል። ምልክቱ ቸል ተብሎ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ቢላክ፥ በመስኮቱ ላይ አምሮ የታየው ፊት በወረቀት ላይ ደብዝዞ ይወጣል።

ሁለተኛው ነገር ልክ ነው። ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ በመልካም ወረቀት ጠርቶ እንዲታተምም በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያህል ይፈለጋል። ሥዕሉን በገጹ ላይ ብንለጥጠው ነጥቦቹ ይሰፋሉ እንጂ አይበዙም። ፕሮግራሙም መለጠጥን አይከለክልም፤ ለጠየቀው ግን እውነተኛውን ቍጥር ያሳያል።

አንዲት እናት የሞቱ አባታቸውን ፎቶግራፍ በስልክ ይዘው ወደ እኔ መጡ። አባታቸው በገጠር ደብር ብዙ ዘመን ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ። «ልጄ፥ አባቴ በሕይወታቸው ማንም ሳያያቸው ኖሩ፤ በሞታቸው እንኳ በሙሉ ገጽ ይታዩልኝ» አሉኝ። ሥዕሉ ግን በስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቆይቶ ስፋቱ 600 ፒክስል ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ይህም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለመሙላት የሚበቃ ነው። እርሳቸው የለመኑት 20 ሴንቲ ሜትር ነበር። አራት እጥፍ ቢለጠጥ በአንድ ኢንች 75 ፒክስል ብቻ ስለሚደርሰው፥ የመምህሩ ዓይንና ጢም እንደ ተሰባበረ ሸክላ ይሆናል።

«እናቴ፥ እንዲህ አድርጌ ባወጣቸው የሚያያቸው ሰው አይለያቸውም፤ የወረቀቱ ፎቶግራፍ የት አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በአገር ቤት በእኅታቸው ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ነገሩኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በነጠላ ጠቅልለው አመጡት፤ ስፋቱም 10 ሴንቲ ሜትር ነበር። በስካነር በአንድ ኢንች 600 ፒክስል አድርጌ ባነሣው፥ በ20 ሴንቲ ሜትር ሲቀመጥ 300 ሆኖ ተገኘ። በስልኩ ሥዕል ጥቁር ጥላ መስሎ የነበረውም በመምህሩ እጅ የተያዘ መቋሚያ ነበር። ልጃቸው ይህን ባዩ ጊዜ፥ «በልጅነቴ ለማኅሌት ሲነሡ ይህን የማቀብላቸው እኔ ነበርሁ» ብለው አለቀሱ።

እንግዲህ ፎቶግራፍ የምትልኩ አንባቢዎች ሆይ፥ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶግራፍ ቢላክ በመንገድ ይቀነሳልና። የወረቀቱ ፎቶግራፍ ካለም ከግድግዳው ሳይጠፋ አስነሡት። ብዙዎቹ አባቶቻችን በዘመናቸው ፎቶግራፍ የተነሡት አንድ ጊዜ ብቻ ነውና፥ ያ አንዱ ከጠፋ ምንም ፕሮግራም አይመልሰውም።