ከብት የሌለው ጥንቸል

አንባቢ ሆይ፤ የማወጋህ የጥንቸል ነገር ነውና አትናቀው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወንድሜ ከሚሠራበት ከወይጦ ሰንብቼ ነበር። ወይጦ ከኮንሶ ወደ ጂንካ ሲጓዙ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ቀን ሙቀቱ አያስኬድምና፥ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጬ ከጓደኛዬ የተዋስሁትን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ አነብ ነበር። ስሙ «ኡሳጊ ዮጂምቦ» ነው፤ በጃፓንኛ ኡሳጊ ጥንቸል፥ ዮጂምቦ ደግሞ ጠባቂ ዘበኛ ማለት ነው። ደራሲውና ሠዓሊው ስታን ሳካይ ኪዮቶ ተወልዶ ሃዋይ ያደገ ሰው ሲሆን፥ ጥንቸሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ታሪኩ የ17ኛው መቶ ዓመት ጃፓን ነው። ጌታው በጦርነት የሞተበት ይህ ሳሙራይ ሁለት ሰይፍ ታጥቆ፥ ጆሮዎቹን እንደ ጦረኛ ቁንጮ ወደ ላይ አስሮ አገር ላገር ይዞራል። አርአያውም እ.ኤ.አ. በ1645 የሞተው ስመ ጥሩው ሰይፈኛ ሚያሞቶ ሙሳሺ ነው።

ታዲያ አንድ ፍየል ጠባቂ የፀማይ ልጅ መጥቶ ከኋላዬ አንገቱን አሰገገ።

«ይህ ማን ነው?»

«ጥንቸል ነው።»

«ጥንቸልማ አውቃለሁ። ከብቱ የት አለ?»

«ከብት የለውም።»

«ዘመድስ?»

«ጌታው ሞቶበት ብቻውን ይዞራል።»

ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «ያሳዝናል» አለ።

እውነቱን ልናገርና፥ እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተመለከትሁት ሰይፉን ብቻ ነበር። እርሱ ግን የታሪኩን ልብ በሁለት ጥያቄ አገኘው።

ቀጥሎም «እኛም የጥንቸል ተረት አለን» ብሎ ጀመረልኝ። ከመካከል ሲደርስ አማርኛው አለቀበትና በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። እየሳቀ ጨረሰ፤ እኔም ምንም ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ጌታ የሌለው ሳሙራይ በጃፓንኛ «ሮኒን» እንደሚባል አውቃለሁ፤ ጥንቸል በፀማይኛ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም ነበር። ጠየቅሁት፤ ነገረኝ፤ በኪሴ ከነበረ ደረሰኝ ጀርባ ጻፍሁት።

ሳካይ ሃዋይ አድጎ የአባቶቹን አገር ታሪክና ተረት ፈልጎ አገኘ፤ እኛ ተረቱ ከሚነገርበት ጥላ ሥር ተቀምጠን የሩቁን እናነባለን። የሩቁን ማንበብ ነውር አይደለም፤ ጆሮን ለቅርቡ መድፈን ግን ነውር ነው። በሚመጣው ዕረፍት፥ አምላክ ቢፈቅድ፥ ባዶ ደብተር ይዤ ወደ ወይጦ እመለሳለሁ። የዚያን ተረት መጨረሻ ገና አልሰማሁምና።