አጠንጥናችሁ መልሱ

የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ ከካርቶን ተቆርጣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች ማሳሰቢያ ነበረች፤ «እባካችሁ ካሴቱን አጠንጥናችሁ መልሱ።» ዛሬ ለልጄ ባነብለት ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ለእኔ ግን ገና ሳስታውሳት የዚያ ቤት ሽታ ከች ይላል፤ የሞቀ ፕላስቲክ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው፣ የዴኩ፣ ሄድ የሚጸዳበት አልኮል፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሚቆላ ቡና።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ሽታ ይወርዳል፤ ከየጓሮው ደግሞ የሸማኔዎቹ መወርወሪያ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ቴሌቪዥን በሀገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም፣ እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ እንኳ በመንደራችን ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የአባባ ተስፋዬ የልጆች ዝግጅት ሰዓት ሲደርስ ጫማችንን በር ላይ ደርድረን ጎረቤት እንገባለን። የቤቱ እመቤት አንድ ቀን እንኳ «በዛችሁ» ብለውን አያውቁም። ምንጣፉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን እንቀመጣለን፤ ቆሎው በሰፌድ ይዞራል። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አንዱ ጎረምሳ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ እኛም ከታች «ትንሽ ወደ ግራ! በቃ፣ በቃ! እንዳትነካው!» እያልን እንጮኻለን።

ቪዲዮ ቤቱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዴክ ያለው ሰው ካሴት ብቻ ይከራያል፤ የሌለው ደግሞ ለዓመት በዓል ዴኩንም ጨምሮ ይወስዳል። የፋሲካ ማግስት ዴኩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ድንጋይ እንዳያደናቅፈኝ መሬት መሬቱን እያየሁ ወደ ቤት የሄድኩበትን መንገድ እስከ ዛሬ እግሬ ያውቀዋል።

ጋሼ እያንዳንዱን ቤት ያውቁት ነበር። የትኛው አባወራ ካራቴ እንደሚወድ፣ የትኛዋ እናት የሕንድ ፊልም አይታ እስኪወጣላት እንደምታለቅስ፣ የየትኛው ቤት ልጆች ፈተና እንደደረሰባቸው ሁሉ ያውቃሉ። አንድ ቅዳሜ ሽፋኑን ብቻ አይቼ አንድ የሕንድ ፊልም መረጥኩ። ከእጄ ላይ ቀስ ብለው ወሰዱና መደርደሪያው ላይ መለሱት። «ይኼ ለእናትህ አይሆንም፤ ይኼኛውን ውሰድላት» አሉኝ። አኩርፌ ወጣሁ። ያን ፊልም ያየሁት አድጌ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ትሞታለች። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻትን ልጅ ቀብራለች። ጋሼ ቀብር ላይ ነበሩ። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ፊልም ወደ ቤታችን እንዲገባ አንድም ቀን አልፈቀዱም፤ ለማንም ግን አልተናገሩም።

የጋሼ ቤት የመዝናኛ ብቻ አልነበረም። እያደር አንድ ጥግ ላይ ስልክ ገባ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ፣ ከዚያ ፋክስ። አክስቴ የሀበሻ ልብስ ነጋዴ ናት፤ ዋሽንግተን ላሉ ደንበኞቿ ቀሚስና ነጠላ ትልካለች። ድሮ የጥለቱን ናሙና ቆርጣ በፖስታ አድርጋ፣ መንገደኛ ፈልጋ ነበር የምትልከው። ፋክስ ሲመጣ «በአንድ ቀን ይደርሳል» ተባለችና ደስታዋን አልቻለችውም። ጥለቱን ፎቶ ኮፒ አስደርጋ በጋሼ ፋክስ ላከች። ማሽኑ እየጮኸ ወረቀቱን ሲስብ አጠገቡ ቆማ በሁለት እጇ ይዛው እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ሕፃን የምታስተኛ ነበር የምትመስለው። በማግስቱ ከወዲያ ስልክ ተደወለ። ጥለቱ ደርሷል፤ ግን አረንጓዴውም ቀዩም ወርቃማውም እኩል ጥቁር ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ጋሼ ራሳቸው ከእያንዳንዱ መስመር ጎን «ይኼ ቀይ ነው፣ ይኼ አረንጓዴ ነው» እያሉ በእጃቸው ይጽፉላት ጀመር። ለጽሕፈቱ ሳንቲም አልተቀበሏትም።

ኢንተርኔት ሀገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ዘንድ ለመድረስ ግን ዓመታት ፈጀበት። የተዋወቅነው አራት ኪሎ፣ ደረጃው ጠባብ በሆነ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። በደቂቃ ነው የሚከፈለው። ምስል ሲከፈት ከላይ ወደ ታች በስስ በስሱ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ከዚያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ግንባሩ፤ ፊቱ እስኪደርስ ልብ ይንጠለጠላል። የያሁ አድራሻዬን ያወጣችልኝ ቤቱን የምትጠብቀው ልጅ ናት። የምስጢር ቃሌን በደረሰኝ ጀርባ ጽፋ፣ አራት አጥፋ ሰጠችኝና «ከመታወቂያህ ጋር አድርገው» አለችኝ። ስታስተምረኝ የቆየችበትን ደቂቃ ሁሉ ከሒሳቡ ቀነሰችልኝ። አማርኛ መጻፍ አይቻልም ነበር፤ «ሰላም ነሽ ወይ» የምንለው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ናፍቆታችን ግን በዚያም ፊደል ቢሆን ከነሙሉ ክብደቱ ይደርስ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ በፖስታ መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን ኢንተርኔት ቤቶች ጢም ብለው ሞሉ። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ እናቶች ፎቷቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይመጡ ነበር። ያቺው ልጅ የእያንዳንዳቸውን ስም ፊደል በፊደል እየጠየቀች፣ ሁለት ጊዜ እያነበበችላቸው ትሞላለች። አንዳንዷ ሲላክላት ኮምፒውተሩን በእጇ ዳስሳ ተሳልማ ነበር የምትወጣው።

አክስቴንም እዚያው ወሰድኳት። ጥለቱ በስካነር ተነሥቶ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከነቀለሙ ነበር። «ቀዩ ቀይ ሆነ!» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። በሌላ ጊዜ ደግሞ በስካይፕ ዋሽንግተን ያለችውን ልጇን አገናኘኋት። ማዳመጫውን በሻሿ ላይ አደረግንላት። ሩቅ ስለሆነ አይሰማም ብላ በጩኸት ነው የምታወራው፤ «ድምፅሽ ቀጥኗል፣ አትበዪም እንዴ?» ቤቱ በሙሉ ሰማት። ማንም ዝም በይ አላላትም። አጠገቧ የነበረው ልጅ ወንበሩን ትንሽ ገፋ አደረገላት፤ ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንባዋን ጠረገች።

ስካይፕ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መዘጋቱን ስሰማ ያቺ ክፍል ድቅን አለችብኝ። ለነገሩ ማንም ምንም አልጎደለበትም፤ ዛሬ የምንገናኝበት መንገድ ሞልቷል። አክስቴ ራሷ ቀሚሶቿን የምታሳየው በቴሌግራም ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሲጀመር የመጀመሪያውን ክፍያ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ተቀበልኩ፤ «ገባ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ያኔ ድንገት የኢንተርኔት ቤቷ ልጅ ትዝ አለችኝ። ያን ቀን የእሷ ቦታ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

አንባቢዬ፣ ድሮ ይሻል ነበር ልልህ አይደለም። ያ መንገደኛ ፍለጋ፣ ያ የጠቆረ ጥለት፣ ያ በደቂቃ እየተቆጠረ የሚቆረጥ ወሬ ተመልሶ እንዲመጣ አልመኝም። ግን ያኔ ከእያንዳንዱ መሣሪያ አጠገብ አንድ ሰው ነበር። ከዴኩ አጠገብ፣ ከፋክሱ አጠገብ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ። የሚናፍቀኝ ሰውየው ነው።

ባለፈው ፋሲካ ጋሼን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ካሴት የተደረደረበት ቤት አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ይሸጥበታል፤ የሚሠራበት ልጃቸው ነው። እሳቸው ፀሐይ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደከም ብሏል። ቡናው እስኪፈላ ስልኬን አወጣሁና ከዩቲዩብ ድሮ የሚወዱትን አንድ የሕንድ ፊልም ፈልጌ ከፈትኩላቸው። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ አንዷን ትንሽ ስክሪን ለሁለት እስከ መጨረሻው አየናት።

ሲያልቅ ስልኩ በራሱ ሌላ ፊልም ጀመረ። ጋሼ ቀና አሉ።

«ይኼን ማን መረጠልን?»

«ራሱ ነው የሚያመጣው፣ ጋሼ።»

ዝም ብለው ትንሽ አዩት። «እና እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚህ ተቀምጣ ቢሆንስ? ምን ዓይነቱን መስጠት እንደሌለበት በምን ያውቃል?»

የምመልስላቸው አጣሁ። ፊልሙን አቆምኩት። ቡናው መጣ፤ ሽታው ያው የመጋረጃው ጀርባ ሽታ ነው። ስኒያቸውን ተቀብለው አንድ ጊዜ ፉት አሉና ስልኩን በአገጫቸው አሳዩኝ።

«በል አጠንጥነው።»

የመጀመሪያውን ፊልም መልሼ ከፈትኩና መስመሩን በጣቴ እየሳብኩ ወደ መነሻው መለስኩላቸው።